አንድ ትርጉም «ይሄ ነው የሚታመነው» የሚባለው በምንድነው?

አወይቱ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ትንሽ የንባብ ግሩፕ አለችን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የምንገናኘው፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ እስከ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ድረስ ያለባት። ለሚቀጥለው ዙር አንድ የታወቀ የራሺያ ልብወለድ ይሁን ተባለና ሁሉም ደስ ብሎት ተስማማ፣ ጣጣው የመጣው መጽሐፉን ፍለጋ ስንወጣ ነው። ሁለት የአማርኛ ትርጉም አገኘን። አንዱ በደርግ ጊዜ የታተመ ነው፣ ገጹ ቢጫ ሆኗል፣ የብዙዎቻችን አባቶች አንብበውት ገጸ ባህሪዎቹን እንደ ጎረቤት በስም የሚያነሷቸው። ሌላው በቅርብ የወጣ ነው፣ ሽፋኑ ያምራል፣ ፊደሉ ለዓይን ይመቻል፣ ዋጋው ግን ለተማሪ ይከብዳል። (የመጽሐፉንም የተርጓሚዎቹንም ስም ሆን ብዬ ነው ያልጠራሁት፣ ነገሩ ወደ ሰው ስም እንዳይዞርብኝ።)

ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናያቸው ገና የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ተለያዩ። አንዱ ሦስት ገጽ የሚሄድበትን ሌላው በአንድ አንቀጽ ይጨርሰዋል። አንዱ ላይ ያለ ሰካራም ሽማግሌ ረጅም ንግግር ሌላው ላይ ጭራሽ የለም። አዲሱ ሽፋኑ ላይ «ሙሉ ትርጉም» ይላል ግን ከየትኛው ቋንቋ፣ ከየትኛው እትም እንደተተረጎመ አንድም ቦታ አልተጻፈም። አሮጌው መግቢያ አለው፣ መግቢያው ግን ስለ ደራሲው ሕይወት እንጂ ስለ ትርጉሙ አንድ ቃል አይልም።

ከዛ ግሩፑ ተከፈለ። አንዱ አሮጌው ይሁን አገር ያወቀው እሱን ነው ይላል፣ አንዷ አዲሱ ይሻላል ቋንቋው የዛሬ ነው ትላለች፣ ሌላው ደግሞ ሁለቱንም ተዉና በእንግሊዝኛ እናንብብ እሱ ይታመናል አለ። እኔ እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት፣ እንግሊዝኛውም እኮ ትርጉም ነው፣ ደራሲው በእንግሊዝኛ አልጻፈ! እንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻ ለምን ይታመናል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። አንድን የሥነ ጽሑፍ ትርጉም ትክክለኛ፣ ሥልጣን ያለው፣ ሰው ተማምኖ ሊጠቅሰው የሚችል የሚያደርገው ምንድነው? ተርጓሚው ነው? አሳታሚው ነው? ዕድሜው? የደራሲው ፈቃድ? ቋንቋውን የማናውቅ ሰዎችስ በምን እንለይ? በጣም የምፈልገው መልስ ነው፣ ላይክ ብቻ አድርጋችሁ አትለፉ።


ሂርማታ ሰፈር፦

እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ከየት ተተረጎመ የሚለውን ነው። ቡና እንኳን ለገበያ ሲቀርብ ከየት አካባቢ እንደመጣ፣ የታጠበ ይሁን ያልታጠበ ተጽፎበት ነው፣ ይሄን ጅማ ላለ ሰው አልነግርም፣ መጽሐፍ ግን ስንት እጅ እንደዞረ ሳይነገረን ነው የምንገዛው። የራሺያ ልብወለድ በአማርኛ ስታነቢ ብዙ ጊዜ በመሀል እንግሊዝኛ አለ፣ ማለት የሁለት ሰው ውሳኔ ነው የምታነቢው፣ የእንግሊዙና የኛው።

ይሄ በራሱ ነውር አይደለም ልበል። እኛ አገር በዙር መተርጎም የቆየ ነገር ነው። በራልዐም ወይዋሲፍ የሚባለውን የግዕዝ መጽሐፍ ውሰጂ፣ ሥሩ ህንድ ነው፣ የቡድሃ ታሪክ ነው፣ ከቋንቋ ቋንቋ እየዞረ ዓረብኛ ደረሰ፣ ከዓረብኛ ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ወደ ግዕዝ መለሱት። ያን ሁሉ መንገድ ዞሮ መጥቶ ግን የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ አካል ሆኖ ቀርቷል፣ ማንም በዙር ስለመጣ አይረባም አላለውም።

ችግሩ ዙሩ ሲደበቅ ነው። ምክንያቱም መሀል ላይ ያለው ሰው ያጎደለው በኛ ተርጓሚ ላይ ይላከካል። ኮንስታንስ ጋርኔት የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች፣ ወደ ሰባ ቅጽ የሚደርስ የራሺያ ሥነ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመች፣ የእንግሊዝኛ አንባቢው ዓለም ቶልስቶይንና ዶስቶየቭስኪን ያወቀው በሷ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፣ ትልቅ ሥራ ነው የሠራችው፣ ግን በፍጥነት ስለምትሠራ የከበዳትን ቦታ አንዳንዴ እየዘለለች ታልፍ ነበር ተብላ ትወቀሳለች። እንግዲህ የኛ ሰው ከሷ ከተረጎመ የሷ ጉድለት አብሮ ይመጣል፣ አማርኛ አንባቢው ደግሞ ተርጓሚው ሰነፍ ነው ይላል። «ከእገሌ እንግሊዝኛ ትርጉም፣ የዚህ ዓመት እትም» ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ ግን ለሱም ለኛም ፍትህ ነበር። ያቺ አንድ መስመር ያለችበትን መጽሐፍ ሳገኝ ገና ሳላነበው ግማሽ አምነዋለሁ።


ፈረንጅ አራዳ፦

እኔ ከሕግ በኩል ልግባ፣ ሥራዬም ወደዛ ስለሆነ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በሱ መሠረት ሥራውን የመተርጎም ወይም እንዲተረጎም የመፍቀድ መብት የደራሲው ነው፣ መብቱ በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፣ የሚወርሱት ወራሾቹ ናቸው። ስለዚህ የዘመኑን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ተርጉሞ የሚያሳትም ሰው አማርኛው ምንም ቢያምር እኔ ሥልጣን ያለው ትርጉም አልለውም። የሰው ላብ ነው።

ደራሲው በሕይወት ካለ ደግሞ ከፈቃድም በላይ ማረጋገጥ ይችላል። የቼኩን ደራሲ ሚላን ኩንዴራን እዩት። «ቀልድ» የሚለው ልብወለዱ በቼክ ቋንቋ በ1967 እ.ኤ.አ ወጣ፣ በ1969 ለንደን በእንግሊዝኛ ሲታተም ምዕራፎቹን አዘበራርቀው ቆራርጠው አወጡበት፣ በጋዜጣ ተቃውሞውን ጻፈ። ከዛ በኋላ ትርጉሞቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ሥራው ሆነ፣ የዛው መጽሐፍ አምስተኛው የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1992 ራሱ አርሞት ወጣ። የፈረንሳይኛዎቹን ደግሞ ቁጭ ብሎ ራሱ አስተካክሎ ከቼኩ ጋር እኩል ዋጋ አላቸው ብሎ አስጻፈባቸው። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ? ባለቤቱ ራሱ ይሄ የኔ ነው ካለ አለቀ።


አወይቱ ዳር፦

@ፈረንጅ አራዳ አመሰግናለሁ፣ ኩንዴራን አላውቅም ነበር። ግን የኛ ደራሲ የሞተው ከመቶ ዓመት በፊት ነው እኮ፣ ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው የለም፣ ማንም ተነስቶ መተርጎም ይችላል፣ ለዛም ነው ሁለት የሆነብን። ደግሞ የበዓሉ ግርማን ልብወለድ ኦሮማይን አስብ። በ1975 ዓ.ም ወጣ፣ ታገደ፣ በዓሉ ግርማ በ1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በእንግሊዝኛ ገና በ2025 እ.ኤ.አ ነው የወጣው፣ ያኔ እንግዲህ ደራሲውን ይሄን ምን ማለትህ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። የተረጎሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ያደገ አንዱ በአማርኛ ያደገ። እኔ ሳስበው እርስ በርስ መጠያየቃቸው ነው የደራሲውን ቦታ በትንሹም ቢሆን የሚተካው። ፈቃድማ ሕጋዊ ያደርገዋል፣ ልክ ያደርገዋል ማለት ግን አይደለም። ፈቃድ ኖሮት የተበላሸ ስንት አለ።


የቅኔ ቤት ልጅ፦

ይሄ ጥያቄ እኮ እኛ አገር ብዙ የታሰበበት ነው፣ ከውጭ ምሳሌ ብቻ ባናመጣ ደስ ይለኛል። ልጅ ሆኜ ጎጃም ቅኔ ቤት ነበርኩ፣ አሁን ኑሮዬ ጅማ ነው፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

የአንድምታ ትርጓሜን አስቡ። መምህሩ የግዕዙን ንባብ ይልና ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ ከዛ «አንድም» ይላል፣ ሌላ መንገድ ይሰጣል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። አንዱን መርጦ ሌላውን አይቀብርም። የላይ ቤት እንዲህ ይላል የታች ቤት እንዲህ ይላል (ሁለቱ የትርጓሜ ትምህርት ቤቶች ናቸው) ብሎ ልዩነቱን ከነባለቤቱ ያስተላልፋል። መምህሩን ከማን ሰማኸው ብትለው የተማረበትን ሰው ይጠራል፣ እሱም የሱን መምህር ይጠራል። ትርጓሜው የሚከበረው ለዚህ ነው፣ ከበስተጀርባው ተጠያቂ ሰዎች አሉ፣ ጥርጣሬ ያለበት ቦታም ተከፍቶ ይታያል። የዘመኑ ልብወለድ በየገጹ አንድም ይበል አላልኩም፣ ንባቡን ያበላሸዋል፣ ግን ተርጓሚው ከበድ ያለው ቦታ ላይ ምን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ በመግቢያው ወይ በግርጌ ማስታወሻ ቢናገር እኮ ከዚሁ ከራሳችን ወግ የወረሰው ይሆን ነበር።

ሌላው የዘመን ነገር ነው። ሄሮኒመስ (እኛ ጀሮም የምንለው) ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን ሲተረጉም ሕዝቡ በጆሮው የለመደው ከሰብዓ ሊቃናት (ከግሪኩ የብሉይ ኪዳን ትርጉም) የመጣውን የድሮ ላቲን ነበር። አውግስጢኖስ ለራሱ ለጀሮም በጻፈው ደብዳቤ እንደሚለው፣ የዛሬዋ ትሪፖሊ ያለችበት ኦያ የምትባል ከተማ ጳጳሱ አዲሱን ትርጉም ቤተክርስቲያን ውስጥ ሲያስነብብ ትንቢተ ዮናስ ላይ ከለመዱት የተለየ ነገር ሰምተው ሕዝቡ ተነሳ፣ ጳጳሱ ምዕመን አልባ ሊቀር ምንም አልቀረው። ያ ሰውን ያስቆጣው የጀሮም ትርጉም ግን በ1546 እ.ኤ.አ ትሬንት ላይ በተደረገ ጉባኤ ለካቶሊክ ቤተክርስቲያን ሕጋዊው ትርጉም ተብሎ ታወጀ። አስቡት፣ ከአንድ ሺህ መቶ ዓመት በላይ ነው በመሀል ያለው። ጉባኤው ያወጀው ሰው ሲጠቀምበት የኖረውን ነው፣ ከባዶ ተነስቶ ሥልጣን አልሰጠውም። እኛም ጋ የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስ የለመደ ሰው አዲሱን መደበኛ ትርጉም ሲሰማ የሚሰማው ቅሬታ ይኸው ነው፣ ልቡ ውስጥ ያለው ድምፅ የድሮው ነው።

የመጨረሻ፣ መጽሐፈ ሄኖክ። ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ግዕዙ ራሱ ትርጉም ነው! የአራማይክ ቁርጥራጮች ቁምራን ዋሻ ውስጥ ተገኝተዋል፣ በግሪክም ከፊሉ አለ፣ ሙሉው ግን የኛ ነው፣ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 እ.ኤ.አ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው የመለሰው ከግዕዝ ነው፣ እስከ ዛሬ የዓለም ሊቅ ሄኖክን ላጥና ካለ ግዕዝ መማር አለበት። ያንን የተረጎመ አባት ስሙም አይታወቅ፣ ሥራው ግን ዋናውን ተክቶ ቆሟል። ስለዚህ ትርጉም ማለት የግድ ሁለተኛ ደረጃ ነው የሚለው ሐሳብ ለኔ አይዋጥልኝም።


የሊሙ ልጅ፦

ስለ ጅማ እያወራን የሊሙዋን አስቴር ጋኖን ማንም አለማንሳቱ ገርሞኛል። ታሪኳን የማታውቁ ካላችሁ ባጭሩ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማለቂያ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ተደርጋ የነበረች ልጅ ናት፣ ለዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ በ1886 እ.ኤ.አ የጣሊያን መርከቦች ይዘው ነጻ አወጧት፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ የሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዛ አናሲሞስ ነሲብ የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጉም ነበር። አናሲሞስ (አባ ገመቺስ) የሁሩሙ ልጅ ነው፣ ጎረቤታችን ኢሉባቦር፣ ግን ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ ስለተሸጠ ቋንቋውን ከሕዝቡ ጋር ሆኖ አላደገበትም። አስቴር ግን ከነተረቱ ከነእንቆቅልሹ በአፏ ይዛው ነው የመጣችው። ወደ 500 የሚሆን ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ጽፋ አስቀመጠች፣ ብዙው በ1894 እ.ኤ.አ በወጣው የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፣ ለትርጉሙ የሚሆን መዝገበ ቃላትም አዘጋጀች። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ ስዊዘርላንድ ክሪሾና ታተመ፣ በግዕዝ ፊደል።

ለምን አመጣሁት? ምክንያቱም ከላይ ያወራነው በሙሉ ስለሚተረጎምበት ቋንቋ ምንም አላለም። ሁላችሁም ዋናውን ያውቃል ወይ፣ ፈቃድ አለው ወይ፣ ከየት አመጣው ነው ያላችሁት። የሚተረጉምበትን ቋንቋስ? በራሺያኛ ሊቅ የሆነ ግን አማርኛው የሪፖርት አማርኛ የሆነ ሰው ልብወለድ ቢተረጉምልኝ ምን ይጠቅመኛል። አናሲሞስ አማርኛ ቢል ስዊድንኛ ቢል የተማረ ሰው ነበር፣ ግን አስቴር ባትኖር መጽሐፉ እናቶቻችን በሚሰሙት ኦሮምኛ አይናገርም ነበር ብዬ ነው የማምነው። የሷ ድርሻ ከሱ ስም ኋላ ተሸፍኖ ቆይቷል ብለው የጻፉ ተመራማሪዎች አሉ፣ እኔም እነሱን ነው የምደግፈው። በትርጉም ላይ የማን ስም ይጻፋል የሚለውም የመታመን ጉዳይ ነው፣ የሠራው ሰው ካልታወቀ ማንን ትጠይቃላችሁ?

እዚሁ ጅማ በየገጠሩ ሼሁ ኪታቡን በዓረብኛ እያነበቡ ለደረሶቹ በኦሮምኛ ሲፈቱ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ትርጉም ነው። ዓረብኛው ይከበራል፣ ፊት ይነበባል፣ ከዛ በኦሮምኛ ያፈታታሉ፣ ተማሪው ያልገባውን እዛው ይጠይቃል። ማንም የሼሁን ኦሮምኛ ኪታቡ ራሱ ነው አይልም፣ ግን ማንም አያጣጥለውም፣ ምክንያቱም ዋናው አጠገቡ አለ፣ ጠያቂም አለ።


ማታ አንባቢ፦

ብዙ አልጽፍም። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን ልብወለድ በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው። መዝገበ ቃላት አልነበረው፣ ኤዲተር አልነበረው፣ ፈቃድ ጠይቆ የሚጻጻፈው አሳታሚ አልነበረው። በዚህ ክር ላይ በተዘረዘሩት መመዘኛዎች ሁሉ ይወድቃል። ግን ለአንድ ትውልድ አማርኛ አንባቢ ያ መጽሐፍ ማለት እሱ ነው፣ ርዕሱ ራሱ አባባል ሆኖ ቀርቷል። ሌላ ሰው ነገ አንድ ቃል ሳያጎድል ቢተረጉመው እንኳን ከሰው ልብ አያስወጣውም። አንባቢ የሰጠውን ሥልጣን ማን ይነጥቃል?


አወይቱ ዳር፦

@ማታ አንባቢ እሱን ስታነሳ አንጀቴን ነው የበላኸው። ግን መወደድና መታመን አንድ ናቸው ወይ? እኔ አሮጌውን ትርጉም እወደዋለሁ፣ አባቴ ሲያነበው ያየሁት መጽሐፍ ነው፣ ስለ ራሺያዊው ደራሲ አጻጻፍ ግን በሱ ተማምኜ አንድ ነገር ለመናገር እፈራለሁ፣ ምክንያቱም የማደንቀው ዓረፍተ ነገር የደራሲው ይሁን የተርጓሚው አላውቅም። ስወደው አብሮኝ ይኖራል፣ ስጠቅሰው ግን ሌላ ሰው ፊት ነው የምቆመው።


ጡረተኛው ሐኪም፦

ልጆች፣ ይህን ውይይት የላከልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሕክምና የተማርኩት ሶቪየት ኅብረት ነው፣ ራሺያኛ አነባለሁ፣ አሁንም አልተወኝም። አወይቱ ዳር ልጄ፣ ስሙን ባትጠሪውም ሰካራሙ ሽማግሌ ረጅም ንግግር ያደርጋል ስትይ የትኛውን መጽሐፍ እንደሆነ ገብቶኛል። ያ ንግግር በራሺያኛው ሙሉ ነው፣ ብዙ ገጽ ነው፣ የመጽሐፉ ልብ ነው፣ እሱን የቆረጠ ሰው ገጽ ለመቀነስ ብሎ ከሆነ በጣም አሳዝኖኛል።

ቋንቋውን ለማታውቁ አንድ መፈተኛ ልስጣችሁ። ራሺያኛ እንደ አማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ይለያል። እንግሊዝኛ አይለይም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ሰዎች ለረጅም ጊዜ በእርስዎ ሲነጋገሩ ቆይተው አንደኛው በድንገት ወደ አንተ ሲዞር ትልቅ ነገር ነው፣ ወይ ፍቅር ነው ወይ ንቀት፣ ራሺያዊ አንባቢ ያንን ቦታ ሲያነብ ይደነግጣል። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ያ መታጠፊያ ተሰርዞ ነው የሚደርሰው፣ አማርኛ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍም፣ የግድ አንዱን ምረጥ ይለዋል፣ ስለዚህ ከራሱ ገምቶ ይሞላል። እኛ የራሺያዊውን አክብሮትና ድፍረት ከእንግሊዝ በተሻለ መሸከም የሚችል ቋንቋ ይዘን በእንግሊዝኛ በኩል ስንዞር የምናጣው ይህን ነው። መርማሪውና ወጣቱ የሚነጋገሩባቸውን ምዕራፎች አውጡና አጠራራቸው መቼ እንደሚለወጥ በሁለቱም ትርጉም አስተያዩ። ያለ ምክንያት አንዴ አንተ አንዴ እርስዎ የሚል ከሆነ ተርጓሚው እየገመተ ነው። ወጥ ሆኖ ቆይቶ ቦታው ላይ ብቻ ከተለወጠ ወይ ራሺያኛውን አይቷል ወይ በጣም አስተዋይ ሰው ነው።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። ራሺያ አንድን ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራዋል፣ እናቱ ደግሞ በቁልምጫ፣ ጓደኛው በሌላ ቁልምጫ። አንዳንድ ተርጓሚ አንባቢ እንዳይደናገር ብሎ ሁሉንም ወደ አንድ ስም ይጨፈልቃል። ለንባብ ያቀላል፣ አልክድም። ግን እናቱ በቁልምጫ የጠራችበትና ፖሊሱ በሙሉ ስሙ የጠራበት ልዩነት ሲጠፋ ማን እንደሚወደው ማን እንደሚጠላው የምናውቅበት መንገድ ይጠፋል። ማሙሽ ብላ የምትጠራ እናት እና አቶ እገሌ የሚል ዳኛ በኛም ቋንቋ አንድ አይደሉም።

በደርግ ዘመን ሞስኮ ያለው ፕሮግረስ አሳታሚ በአማርኛ መጻሕፍት ያሳትም እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ በርካሽ ይሸጡ ነበር፣ ብዙ ሰው ማንበብ የለመደው በነሱ ነው። እዚያ ቤት ከራሺያኛው ጋር የሚያመሳክር ሰው ማግኘት አይቸግርም ነበር። ዛሬ አንድ ተርጓሚ ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ፣ በራሱ ብር ታይፕ አስደርጎ፣ የሚያመሳክርለት ሰው ሳይኖር ነው የሚያሳትመው፣ እኔ በተርጓሚዎቹ መፍረድ አልፈልግም፣ አድካሚ ሥራ ነው ክፍያውም የለም። የሚያመሳክር ሁለተኛ ዓይን ግን ያስፈልጋል፣ በሕክምናም ያለሱ አይሆንም።

ፈቃዳችሁ ከሆነ ሁለቱንም ትርጉም አምጡልኝ፣ ከራሺያኛው ጋር አስተያይቼ የተቆረጠውን ቦታ ምልክት አደርጋለሁ። ቤቴ ቦሳ አካባቢ ነው፣ ልጁ ያገናኛችኋል።


አወይቱ ዳር፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ!! ዛሬ ግሩፑ ላይ አነበብኩላቸው፣ የአንተና የእርስዎን ነገር ሲሰሙ ሁሉም መጽሐፉን መገልበጥ ጀመረ። እስካሁን ያየነው የመርማሪውን የመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻ ነው፣ አሮጌው ወጥ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እርስዎ ነው። አዲሱ በአንድ ገጽ ውስጥ ይቀያየራል፣ ምክንያት ልናገኝለት አልቻልንም። በሌላ በኩል ግን የሰካራሙ ንግግር ሙሉው ያለው አዲሱ ላይ ነው፣ አሮጌው ነው የቆረጠው። ስለዚህ የአንዱን ብቻ ይዘን መሄድ አልቻልንም።

የተስማማነው በአሮጌው እንድንሄድ ነው፣ የጎደሉትን ቦታዎች ከአዲሱ ፎቶ እያነሳን ግሩፑ ውስጥ እንለጥፋለን፣ ጋሼ ምልክት ያደረጉበት ጋ ስንደርስ ቆም ብለን ሁለቱንም ጮክ ብለን እናነባለን። @የሊሙ ልጅ ስለ አስቴር የጻፍከውን አንዲት ተማሪ አንብባ ያንን ንግግር በአፋን ኦሮሞ ልሞክረው ብላለች፣ ጋሼ ራሺያኛውን እያነበቡላት። ቋንቋውን የሚያይላት ሰው ትፈልጋለች፣ ቅዳሜ ጅማ ካለህ ና።

@ሂርማታ ሰፈር የአዲሱን ተርጓሚ አድራሻ የሚያውቅ ሰው ካለህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ከየትኛው እትም እንደተረጎመው በጨዋ ቋንቋ ልንጠይቀው ነው፣ መልስ ከሰጠን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።


የሊሙ ልጅ፦

እመጣለሁ። ተማሪዋ የጻፈችውን ቀድማ ትላክልኝ፣ እናቴ ፊት ላነበው ነው፣ እሷ ካልገባት አይሆንም።